የችግኝ መምረጫ ቅጽ

መቶ ሃያ ዘንባባ ከቆላ አስጭኜ
ፊርማዬን አኖርሁ ሥዕሉን አምኜ።
ስድስት ዓመቱ ነው።
ወረቀቱ ላይማ እንዴት ያምር ነበር!
ከመናኸሪያው በር እስከ ጨሞጋ ዳር
አንድ ዓይነት ቁመና፣ አንድ ዓይነት አሰላለፍ፣
ጀንበር በየመሐሉ ስትገባ ስታልፍ።
አንዲት ጥያቄ ግን ቅጹ ላይ አልነበረችም፣
(ብትኖርም ያን ጊዜ እኔን አታቆመኝም)
የጮቄ ውርጭ ሲወርድ በጥቅምት ማለዳ
ማን ጋቢ ይደርብለት ለዚህ የቆላ እንግዳ?
መንቆረር ስሟን ቀይራ ደብረ ማርቆስ ብትባል
ብርዱ ግን ያው የድሮው ነው፤ በአሮጌ ስሙ ይመጣል።

በመጀመሪያው ዓመት ጫፉ ቡኒ ሆነ፣
በሁለተኛው ዓመት ልቡ መነመነ፣
በሦስተኛው ዓመት አህያ ታሰረበት፣
የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የአስጠኚ ስልክ ተለጠፈበት።
በአራተኛው፣ ሌሊት፣ አንዱ ተነቅሎ ሄደ።
ለማገዶ አይሆን፣ ለአጥር አይሆን፣
ምን ሊያደርጉት ይሆን? ይገርመኛል እስካሁን።

ዘንድሮ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ
አዲስ ቅጽ መጣልኝ ማኅተሙን አዝሎ፤
የዝርያው ስም፣ ቁመት፣ የሥሩ ጠባይ፣
የጥላው ስፋት፣ ወጪው፣ ውበቱ ለዓይን ሲታይ።
ኢንጂነር ምንይችል ቸኩሏል እንደ ልማዱ፣
"ዲከረንስ ከአዊ እናስመጣ፣ በአራት ዓመት ይሞላል መንገዱ።"
ይሞላል። ግን እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያልመው ከሰል፣
ዓይኑ ጆንያ ላይ ነው፤ መንገደኛ አያስጠልል።
ባሕር ዛፍ? የውኃ ቧንቧ ያለበትን ከእኛ ይልቅ ያውቃል፣
ከመሥሪያ ቤታችን ይልቅ ሳይሰለች ይቆፍራል።
ጽድ ብል፣ "መንገዱ ደጀ ሰላም ነው ወይ?" ሳቀብኝ የችግኝ ጣቢያው ይሁኔ።
ወይራ ልል አሰብሁ፤ እሱ ለልጅ ልጄ፣ ሪፖርቱ ለሰኔ።
ብርብራ ደስ ይለኛል፣ ጥላው ድንኳን ያክላል፤
ፍሬው ግን ዓሣ ያሰክራል፣
ቦዩም ወርዶ ወርዶ ጨሞጋ ይገባል።

ደከመኝ። እስክሪብቶዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ
ወረድሁ ወደ መናኸሪያው ቢሮውን ዘግቼ።

ሠላሳ አራተኛው ዘንባባ በሞተበት ጉድጓድ
ዋንዛ ቆሟል፤
ግንዱ እንደ ክንዴ፣ ቅጠሉ እንደ ሰፌድ።
ከሥሩ አንጓች አለች፣ ድንች ቀቅላ፣
ድስቱን እንዳይበርድ በጆንያ ጠቅልላ።
"ማን ተከለው?" አልኋት። "ማንም" አለች፣ "ወፍ ይሆናል የተፋው፤
እኔ የድንች እጣቢ ነው፣ ማታ ማታ የምደፋው።"

ቆሜ አየሁት ብዙ። ፍጹም ነው አልልም።
ፍሬው ሙጫ ነው፣ ከሸሚዝ አይለቅም፤
ልጆች ለአንድ ፍሬ ሦስት ድንጋይ ይወረውራሉ፣
የባጃጅ መስታወቶች ምስክር ይሆናሉ፤
ቅጠሉ በበጋ ቦይ ይደፍናል።
"እንከን" በሚለው ሥር ሁሉንም ጻፍሁት፣ ሳልደብቅ።
ዘንባባው እንከን አልነበረውም፣ ወረቀት ላይ፣ እስኪደርቅ።

ከታች፣ መስመር በሌለበት፣ አንድ ነገር ጨመርሁ፦
"ውኃ የሚያጠጣው ሰው ስም"።
"አንጓች" ብዬ ጀመርሁ።
"ተው ጌታዬ!" አለች፣ እጇን ወደ ወረቀቴ ዘርግታ፣
"ስሜ ከተጻፈማ ደንብ አስከባሪ ይመጣል ለማታ።"

ካርታውን ገለጥሁት። እውነቷን ነው።
እሷ በተቀመጠችበት፣ በዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣
ዋንዛ የለ፣ አንጓች የለች፤ የብረት ወንበር ነው የሚታይ።

ላጲሱ የልጄ ነው፣ አልቆ አልቆ ጥፍር አክሏል።
ወንበሩን ሁለት ሜትር ወደ ላይ ገፋሁት፤
ምንይችል ነገ ያየዋል።
ስሟን ግን አልጻፍሁም። በባዶው መስመር ላይ
"የድንች እጣቢ፣ ማታ ማታ" ብዬ
ፈረምሁ፤ ያው በዚያው ፊርማዬ።